«ሂድና ኮምፒዩተሩን ጠይቅ»

ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ፤

የ27 ዓመት ሴት ነኝ። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ በአንድ ወረዳ የመሬት ጽሕፈት ቤት መረጃ ወደ ኮምፒዩተር የማስገባት ሥራ እሠራለሁ። የተወለድሁበት ቀበሌም እዚያው ወረዳ ነው። አባቴ በሰፈሩ የተከበረ ሽማግሌ ነው፤ የተጣላ የሚያስታርቅ፣ ለቅሶ ቤት ቀድሞ የሚደርስ። እኔን ያስተማረኝ በሬ እየሸጠ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት በቀበሌያችን ለሁለተኛ ደረጃ ደብተር (ካርታ ላለው የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ) ማሳ ሲለካ ጎረቤታችን እትዬ (ስሟን ልተወው) የታመመች ልጇን ይዛ ጠበል ሄዳ ነበር። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ከቀያሾቹ ጋር በድንበሩ ላይ የዞረው አባቴ ብቻ ነው። ባለፈው ዓመት ያንን ማሳ ሲስተሙ ላይ ከፍቼ የአየር ፎቶውን ሳጎላው ልቤ ቀጥ አለ። በእኛና በእትዬ መካከል ያለው ድንበር የዋንዛ ዛፍ ነው። ልጅ ሆኜ ጥጃ ስጠብቅ «ከዋንዛው እንዳያልፉ» እየተባልሁ ነው ያደግሁት። ፎቶው ላይ የዋንዛው ጥላ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ መስመሩ ግን ከዋንዛው ወዲያ፣ በእትዬ ማሳ ውስጥ ነው የሚሄደው። 0.09 ሄክታር ናት። ስክሪን ላይ ምንም አትመስልም፤ ግን የጥማድ ሲሶ ነች።

አባቴን ጠየቅሁት። «የራሴን ነው የመለስሁ» አለኝ። በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ነበር። በ1989ኙ የመሬት ድልድል «ቢሮክራሲ» (በደርግ ጊዜ ሥልጣን የነበረው) ተብሎ ከ4 ጥማድ በላይ አይገባህም ሲሉት የተወሰደበት ማሳ ነው ለእትዬ ባል የደረሰው። ዋንዛውን ራሱ የተከለው አያቴ ነው። «መንግሥት በወረቀት ወሰደብኝ፣ በኮምፒዩተር መለሰልኝ» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ አንሥተነው አናውቅም።

አሁን የእትዬ ልጅ ሰሊጥ ሥራ ከርሞ ከመተማ ተመለሰ። ማሳው እንደጠበበ በእግሩ ሰፍሮ አወቀ። አባቴን ሲጠይቀው አባቴ ሰው ፊት «ሂድና ኮምፒዩተሩን ጠይቅ» አለው። ልጁ አቤቱታ አስገባ፤ ፋይሉ ዞሮ ዞሮ እኔ ጠረጴዛ ላይ አረፈ። ኀላፊዬ የአባቴ ጉዳይ መሆኑን ልብ ሳይል «ከሲስተሙ ጋር አመሳክረሽ መልስ አዘጋጂ» አለኝ። ከሲስተሙ ጋር ካመሳከርሁት አባቴ ትክክል ነው። ያን ብጽፍ ውሸት አልጻፍሁም ማለት ነው፤ ግን እውነት አይደለም።

አንዳንድ ሌሊት ራሴ ገብቼ መስመሩን ወደ ዋንዛው ልመልሰው እላለሁ፤ ፓስወርዱ አለኝ፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እናቴና እትዬ በአንድ የማርያም ማኅበር ነው የሚጠጡት። እናቴ የምታውቅ አይመስለኝም። ብናገር አባቴን አዋርዳለሁ። ዝም ብል ልጁ የሚያደርገውን እፈራለሁ፤ በእኛ አገር ድንበር ምን እንደሚያመጣ እርስዎም ያውቃሉ። ምን ላድርግ?

ምስጢሩ የከበዳት፣ ከምሥራቅ ጎጃም

* * *

ልጄ፣ ከደብዳቤሽ ውስጥ አንዷ ዐረፍተ ነገር ሁለት ቀን ሙሉ አልለቅ አለችኝ፤ «ውሸት አልጻፍሁም ማለት ነው፤ ግን እውነት አይደለም» ያልሽው። ይህን የምትጽፍ ሴት ትክክሉ የቱ እንደሆነ አልጠፋትም። የጨነቀሽ መንገዱ ነው፤ አባትሽን ሳታጪ እንዴት እዚያ ትደርሻለሽ? ስለዚህ ስለ መንገዱ እናውራ።

አስቸኳዩ ፋይሉ ነው። ሰኞ ጠዋት ለኀላፊሽ መልሺው። በአንድ ገጽ ጻፊ፤ «ከአቤቱታው ተከራካሪዎች አንዱ ወላጅ አባቴ ስለሆኑ ጉዳዩን እኔ ልመረምረው አይገባኝም፤ ለሌላ ባለሙያ ይሰጥልኝ።» ከዚህ በላይ አንድ ቃል አትጨምሪ። ቅጂውን ለራስሽ አስቀሪ። ይህ ማንንም አይከስም፣ አባትሽንም አያሳማም። እንዲያውም ለእሳቸው ይበጃል፤ ጉዳዩ እውነት የእሳቸው ቢሆን እንኳ ልጃቸው የጻፈችውን መልስ ነገ ማን ያምነዋል? ይህን ስታደርጊ ግን ራስሽን አታታልዪ። ቀጣዩ ባለሙያም ሲስተሙን ከፍቶ ያንኑ መስመር ነው የሚያየው። የዋንዛውን ታሪክ ስለማያውቅ «ልክ ነው» ብሎ ይፈርምበታል። ፋይሉን መመለስሽ ጥቂት ቀን ይገዛልሻል፤ ነገሩን ግን ካንቺ ላይ አያወርደውም።

ሌሊት ሌሊት ስለሚመጣብሽ ሐሳብ ደግሞ ትንሽ ቆጣ ልበልሽ። መስመሩን እንዳትነኪው። ወደ ቦታው ስለምትመልሺው ጽድቅ ይመስልሻል። እስቲ ከውጭ ሆነሽ ተመልከቺው፤ አንድ ሰው ባለቤቱ በሌለበት፣ ማንም ሳያውቅ፣ ፍትሕ ይህ ነው ብሎ ባመነበት በኩል ድንበር አንቀሳቀሰ። ይህ የማን ታሪክ ነው? ያንቺ ነው ወይስ የአባትሽ? ደግሞም እንዲህ ያሉ ሲስተሞች ማን ገብቶ ምን እንደነካ አብዛኛውን ጊዜ ይመዘግባሉ። የተደረሰበት ቀን ተከሳሿ አንቺ ነሽ። የእትዬ እውነትም «ልጅቷ አጭበርብራ ያመጣችው» ተብሎ ከነጭራሹ ይበላሻል።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ሲባል እየሰማን ያደግን ሰዎች ነን። ተረቱ ለባለ ካባና ለባለ በቅሎ የተነገረ ይመስለን ነበር። አንቺ ግን በወር ደመወዝ የምትኖሪ መረጃ አስገቢ ሆነሽ፣ የጥንት ምስለኔ ጭቃ ሹሙን አስከትሎ፣ ሽማግሌ ሰብስቦ፣ ስንት ቀን ተጨቃጭቆ የሚያንቀሳቅሰውን ወሰን በአምስት ደቂቃ ታንቀሳቅሻለሽ። ሹመት መሆኑን ማንም ስላልነገረሽ ሹመት መሆኑ ይቀራል ማለት አይደለም። ፈተናውን ለማንም ሳትነግሪ ብቻሽን መሸከምሽ ነው ያሳዘነኝ።

አሁን ወደ አባትሽ ቃል ልምጣ። «ሂድና ኮምፒዩተሩን ጠይቅ።» ይህን ሳነብ ፈገግ አልሁ፤ ቀጥሎ ግን አመመኝ። ኮምፒዩተሩ እኮ የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነው። ያ መስመር እንዴት እንደተወለደ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ከላይ የተነሣ ፎቶ አለ። ቀያሹ ፎቶውን ይዞ ማሳ ላይ ይቆማል። ባለይዞታውና አዋሳኙ ከቀበሌው ኮሚቴ ጋር በድንበሩ ላይ ይሄዳሉ፤ «እዚህ ነው» ሲሉት ያሰምራል። መስመሩ ቢሮ መጥቶ እንዳንቺ ባለች ልጅ እጅ ይገባል። ከዚያ ቅሬታ ያለው እንዲያቀርብ ለሕዝብ ይለጠፋል። በአንቺ ቀበሌ ከእነዚህ ሰዎች ሁሉ የዋሸ አለ? ቀያሹ የታየውን አሰመረ። ኮሚቴው የተከበሩ ሽማግሌ የነገሩትን አመነ። የተለጠፈውን ወረቀት በተመለከተ፣ ካርታ ማንበብ ለማያውቁ እናት «ስምሽ አለ» ቢሏቸው ደስ ብሏቸው ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ይመስለኛል። ሁሉም የየድርሻውን ሠራ። የጥማድ ሲሶ ግን ከመካከል ጠፋች። ለዚህ ነው ያንቺ ፊርማ ሲጨመርበት ውሸት ሳይሆን እውነትም ሳይሆን የሚቀረው።

ኦሪት ዘዳግም 27 ላይ የባልንጀራውን ወሰን የሚነቅል ይረገማል፤ ሕዝቡም አሜን ይላል። በእኛ አገር ይህን ለመስማት ማንበብ መቻል አያስፈልግም፤ ቅዳሴ አስቀድሶ የሚመለስ ሁሉ ያውቀዋል። ድሮ ድንጋይ የነቀለ ሰው ድንጋዩን ራሱ መሸከም ነበረበት። ላብ አለው፣ ሊታይ ይችላል፣ በማግስቱ ከባለማሳው ጋር በአንድ ጽዋ ይቀመጣል። ዛሬ ጣት መቀሰር በቃ። አባትሽ ድንጋይ ንቀሉ ቢባሉ የሚነቅሉ ሰው ናቸው? እኔ አይመስለኝም። አንቺም የሚመስልሽ አይመስለኝም። ቀያሹ ፊት «እስከዚያ ነው» ማለት ግን ንቅለት አልመሰላቸውም። መሣሪያ ክፋት አልጨመረባቸውም፤ ድንጋዩን አቀለለላቸው እንጂ።

ይህን ስል የድሮውን ናፍቄ አይደለም። የድሮው ሽምግልና ለባልቴት ደግ ነበር ብሎ የሚነግርሽ ሰው ባልቴት ሆኖ አያውቅም። ወንድ ልጅ የሌላት፣ ወንድሞቿ የራቁባት ሴት በአደባባይ ቃሏ ስንት እንደሚመዝን እናቶቻችን ያውቁታል። በ1995 ገደማ በክልላችን የተጀመረው ደብተር የባልንም የሚስትንም ስምና ፎቶ አንድ ላይ መያዙ ለብዙ ሴት ከስንት ስብከት የበለጠ ሠርቷል። የምትሠሪበት ሥራ ክፉ አይደለም። ለሥራሽ እንድታፍሪ አልፈልግም።

የአባትሽን ቁስል ግን አልፈነው አንሂድ። በጎጃም መሬትና መንግሥት የቆየ ታሪክ አላቸው። አያቴ «ቀላድ» (የመሬት መለኪያ ገመድ) የሚል ቃል ሲነሣ ያማትቡ ነበር። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲመጣ ገበሬው ለመነሣቱ አንዱ ምክንያት «ሊለኩን ነው፣ ርስታችንን ሊነጥቁን ነው» የሚል ፍርሃት ነበር። ጦር ተላከ፤ በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ተነሡ፣ ውዝፉ ግብር ተማረ። ከዚያ 1967 መጣ፤ መሬት የሕዝብ ሆነ ተባለ። ከዚያ 1989። ያኔ «ቢሮክራሲ» የተባሉት ብዙዎቹ ቢሮ ያልነበራቸው፣ በቀበሌ ደረጃ ማኅተም ይዘው የነበሩ ገበሬዎች ናቸው። ለመሬት አልባው ጎረቤት ድልድሉ እንጀራ ነበር፤ ለአባትሽ ውርደት። ሁለቱም እውነት ነው። ለጎልማሳ ሰው አባቱ የተከለው ዛፍ የሰው ድንበር ሲሆን ቆሞ ማየት ቀላል አይደለም። ይህን ቂም 28 ዓመት ሙሉ ሰው ሲያስታርቁ ይዘውት ኖረዋል። እስቲ አስቢው፤ የስንቱን ድንበር ዳኝተዋል፣ የራሳቸውን ግን የሚዳኝላቸው አላገኙም።

ታዲያ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ያንቺም ጥያቄ ሊሆን ይችላል። ድልድሉን የደለደለችው እትዬ ናት? ባሏስ ነበር? እነሱ ስማቸው ሲጠራ «አቤት» ያሉ ሰዎች ናቸው። አባትሽ ከመንግሥት ጋር ያላቸውን ሒሳብ ከአንዲት ባሏ የሞተባት ጎረቤት ላይ ነው ያወራረዱት። መንግሥት ሩቅ ነው፣ እትዬ ቅርብ ናት፤ ያውም ጠበል በሄደችበት ቀን። እኔ ከዚህ ሁሉ የከበደኝ ይህ ነው። ለእሳቸውም ልባቸው ውስጥ የሚከብዳቸው ይህ ይመስለኛል። «ብሎ ሳቀ» ብለሽ ጽፈሻል። ያ ሳቅ የደስታ ነበር?

ስለ እናትሽ አንድ ነገር አስተውለሽ ይሆን? ደብተሩ ላይ የእሳቸውም ፎቶ ካለ፣ ያቺ 0.09 ሄክታር በእናትሽም ስም ነው ያለችው። እናትሽ ሳያውቁ የማኅበር ጓደኛቸውን መሬት ይዘው በየወሩ አብረው ጽዋ ይቀምሳሉ። ይህን አባትሽን ለመውጋት አታውጪው። ግን አባትሽ «የወንዶች ነገር ነው፣ ዝም በይ» ካሉሽ፣ የሁለት ሰው ጉዳይ እንዳልሆነ ልታውቂ ይገባል። መጀመሪያ ለእናትሽ ልንገር ወይስ ለአባቴ ብለሽ ብትጠይቂኝ ለአባትሽ እልሻለሁ። ሚስታቸውን ከጎንሽ አስቀምጠሽ ከመጣሽ ለሸንጎ የተጠሩ ይመስላቸዋል።

አሁን ንግግሩ። ቤት ውስጥ አታድርጊው፤ ቡና ሲፈላ ጎረቤት ይገባል። ቅዳሜ ሂጂ፣ ከብት ሲመልሱ ወይም ማሳ ሲያዩ አብረሽ ውጪ፤ እግራችሁ ዋንዛው ሥር ያድርሳችሁ። ስለ መስመሩ አትጀምሪ። ስለ 1989 ጠይቂያቸው። ማን ነበር ስማቸውን ያነበበው? የት ቆመው ነበር? አያትሽ ያኔ በሕይወት ነበሩ? ምን አሉ? የሰዓቱን ርዝመት አትቁጠሪ። ምናልባት በዕድሜሽ ሙሉ ይህን ጠይቀሻቸው አታውቂም፤ አንቺ ስትወለጂ ነገሩ አልቆ ነበርና። ቂሙን ሌላ ሰው ሲሰማው አንዳንዴ ማሳው ላይ የነበረው ክብደት ይቀንሳል። አንዳንዴም አይቀንስም፤ እሱንም ዐውቄ ነው የምነግርሽ።

እዚያ ቆመሽ አንድ ነገር ልብ በይ። ዋንዛ ለበር፣ ለሣንቃ፣ ለወንበር እንዴት እንደሚፈለግ ታውቂያለሽ። በካርታው መሠረት ዛፉ አሁን ሙሉ በሙሉ በእናንተ ማሳ ውስጥ ነው። ድንበር መሆኑን የሚያስታውስ ሌላ ምልክት የለም። ነገሩን ለመቅበር የፈለገ ሰው በመጀመሪያው ዓመት ነበር የሚጥለው። አባትሽ ሦስት ዓመት ሙሉ አልቆረጡትም። የአባታቸው ዛፍ ስለሆነ ሊሆን ይችላል። ብቻ እኔ የተስፋዬን ግማሽ እዚያ ዛፍ ላይ ነው ያሰርሁት።

ከሰማሻቸው በኋላ ያንቺን ተናገሪ፤ አጭር ይሁን። ቃሉን ላበድርሽ፤ አንቺ በራስሽ አነጋገር ለውጪው። «አባዬ፣ የልጁ ፋይል እኔ ጋ መጥቶ ነበር። መለስሁት። ስላንተ ምንም አልጻፍሁም። ግን የማውቀውን ዐውቃለሁ፤ ከተጠየቅሁ አልዋሽም። ይህን ከሰው እንድትሰማው ስላልፈለግሁ ነው ቀድሜ የነገርሁህ። አንተው ራስህ ብታነሣው ግን የኔ መናገር አያስፈልግም።» ቁጣ ይመጣል። «በሬ ሽጬ ያስተማርሁሽ ለዚህ ነው?» ሊሉሽ ይችላሉ። ለዚህ ጥያቄ መልስ አታዘጋጂ፤ አዎም አይደለምም አትበዪ። ቁጣው አልፎ ዝምታ ከመጣ ደግሞ ዝምታውን አትሙዪው።

የንስሐ አባታችሁ ሰው የሚሰማቸው ከሆኑ እሳቸውንም አስቢ። ለአባትሽ በሸንጎ ከመረታት በንስሐ መመለስ ይቀላል። ለካህኑ ግን አንቺ ሄደሽ የአባትሽን ነገር አትዘርዝሪ። «አባቴን ያዩልኝ፣ ከብዶት የያዘው ነገር አለ» ብትዪ ይበቃል።

እሺ ካሉ መንገዱ አለ፤ ክብራቸውንም አያሳጣም። ለመስተካከል ጥፋተኛ መባል ግድ አይደለም። አባትሽ ራሳቸው ሽማግሌ ይዘው ወደ እትዬ ቤት ይሂዱ። «ስትለካ አንቺ ጠበል ነበርሽ፤ ድንበሩ ያላንቺ ነው የተሰመረው፤ አሁን አብረን እንየው» ይበሉ። ከዚህ ውስጥ ሐሰት የሆነ ቃል የለም። ከዚያ የቀበሌው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ ባለበት ሁለቱም በድንበሩ ላይ ይዙሩ፤ ስምምነቱ በቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ ሁለቱም ይፈርሙ፣ እናትሽም ይፈርሙ። የቀድሞው ደብተር ካላችሁ አውጡት፤ አዋሳኞቹና ስፋቱ ተጽፎበታል። በገመድ ወይም በግምት የተለካ ስለሆነ ስፋቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ከዋንዛው ጋር ሲቆም ግን ይናገራል። ቃለ ጉባኤው ተያይዞ የእርማት ጥያቄ ለወረዳው ይቅረብ፤ መስመሩን የሚያርመው ደግሞ ካንቺ ሌላ ሰው ይሁን። በ1997 የወጣው፣ በ2016 በሌላ አዋጅ የተተካው የፌዴራሉ የገጠር መሬት አዋጅም ክርክር ሲነሣ ባለጉዳዮቹ መጀመሪያ በውይይትና በስምምነት እንዲጨርሱት ነበር ያሰበው። ሽምግልና እንግዲህ ከሕግ ማምለጫ አይደለም፤ ሕጉ ራሱ የከፈተው በር ነው። አባትሽ ደግሞ በዚያ በር ስንት ሰው ሲያሳልፉ ኖረዋል።

እምቢ ቢሉስ? ይህን ሳልነግርሽ ባልፍ ላንቺ አልታመንሁም። እምቢ ካሉ ጊዜ ስጫቸው፤ ግን የተቆረጠ ጊዜ ይሁን። ሁለት ሳምንት በዪ። ከዚያ ለልጁ «ሲስተሙ ልክ ነው» የሚል መልስ ከመውጣቱ በፊት ለኀላፊሽ ያየሽውን ብቻ ጻፊ፤ ፎቶው ላይ ዛፍ እንዳለ፣ አንቺ ያደግሽበት ድንበር ያ ዛፍ እንደነበር፣ ልኬታው ሲደረግ አዋሳኟ እንዳልነበረች፣ ማሳው በድጋሚ ቢታይ እንደምትዪ። «አባቴ ሰረቀ» ብለሽ መጻፍ የለብሽም፤ ዳኛ አይደለሽም፣ የሰውን ልብ አላየሽም። ያየሽው ዋንዛ ነው። ከዚያ ወዲያ ኮሚቴው ወይም ፍርድ ቤቱ ይየው።

ዋጋ አለው። አንድ ፋሲካ ቤት ላትሄጂ ትችያለሽ። ዘመድ «አባቷን ያሳጣች» ይልሻል፤ ከሁሉ በላይ የሚያምሽ ደግሞ አባትሽ በሩቅ ሲያዩሽ ፊታቸውን ሲያዞሩ ነው። ይህን ብቻሽን አትያዢው። የምታምኛት ጓደኛ አለችሽ? ታላቅ ወንድም፣ አክስት? ደብዳቤሽ ላይ ከአባትሽና ከእናትሽ በቀር የቤተሰብ ሰው አላየሁም፤ አንድ ሰው አሁኑኑ ፈልጊ።

ስለ ልጁ የጻፍሽውን ፍርሃት አላቀልለውም። ይህ ወጣት እስካሁን ያደረገው ሁሉ የሚያስመሰግን ነው። ማሳውን ሰፈረ፣ ሽማግሌውን በአፉ ጠየቀ፣ ሰው ፊት ተዋርዶ እንኳ ዱላ ሳይሆን ወረቀት ይዞ ወደ ቢሮ መጣ። «ኮምፒዩተሩን ጠይቅ» ሲሉት ሄዶ ጠየቀ! የሚመለስለት መልስ በር የሚዘጋ ከሆነ ግን ሌላ የሚጠይቀው ነገር አይተውለትም። ስለዚህ ፋይሉ የት እንዳለና መቼ መልስ እንደሚያገኝ ቢያንስ ከቢሮው እንዲነገረው አድርጊ፤ አንቺ ሳትሆኚ ሌላ ሰው ይንገረው። አባትሽም ነገሩ እስኪለይ ያቺን ቁራሽ እንዳያርሷት ለምኚያቸው። ሐምሌ ጤፍ ሲዘራ ማረሻ ከገባባት የወረቀት ነገር መሆኑ ይቀራል። ሁለቱም ወገን ጦም ቢያሳድሯት የሚጎድለው ጥቂት ቁና ነው። ይህን አባትሽ እሺ ቢሉሽ ብቻ እንኳ ቅዳሜሽ ከንቱ አልሄደም።

ይህ ነው ያለኝ። አንድ የቀረ ነገር አለ፤ ወደ ቤት ስትሄጂ ካርታውን አትመሽ ይዘሽ እንዳትሄጂ። አባትሽ ወረቀት ሲያዩ እንደገና የ1989ኙ ጎልማሳ ይሆናሉ። ባዶ እጅሽን ሂጂ፤ ቢበዛ ከከተማ ስኳርና ቡና ግዢላቸው።